ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ ባያጣፍጥም ዕድሜ ያረዝማል

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ቴሌቪዥን ከፍቶ ያልተመለከተ ቤተሰብ ጥቂት ነው። የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለበት ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ጡረተኛው ከጡረታው፣ ተማሪው ከኪስ ገንዘቡ ሲያዋጣ ኖሯል። 5,150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር ልጆች ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘውታል። እኔም ከተደሰቱት አንዷ ነኝ። ይሁን እንጂ ዕድሜዋን በነርስነት ያሳለፈች ሴት እንዲህ ያለ ትልቅ ቁጥር ስትሰማ አንድ ጥያቄ ይመጣባታል፦ ይህ ሁሉ ኃይል ማድቤት የሚገባው መቼ ነው?

አበው «ጭስ መውጫ አያጣም» ይላሉ። ሰው ሲጨንቀው መላ አያጣም ለማለት ነው። በጤና ጣቢያ ያሳለፍኳቸው ዓመታት ግን ሌላ አሳይተውኛል። መስኮት በሌለው ማድቤት ጭስ መውጫ ያጣል። ሲያጣ በምታበስለው እናት ዓይንና በጀርባዋ በታዘለው ሕፃን ደረት ይገባል።

የኢኮኖሚ ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም የአገር ዕድገት፣ ኃይል፣ ደንና ጤና የሚገናኙበትን አንድ ቦታ በደንብ አውቃለሁ፤ እሱም ምድጃው ነው። ዛሬ ከእናንተ ከወላጆችና ከአያቶች ጋር የምጨዋወተው ስለዚሁ ነው።

ዕድገቱ ሳሎን ደረሰ፤ ማድቤትስ?

ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ከአሥር ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የአገራችን ኢኮኖሚ በዓመት በአማካይ ወደ 10 በመቶ ገደማ ሲያድግ እንደነበር የዓለም ባንክም መዝግቦታል። የኃይል ማመንጫዎቹም እንዲሁ አድገዋል። አባ ሳሙኤል የተባለው የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫችን 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር። ቆቃ 43 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ። ከዚያ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ግልገል ጊቤ፣ ተከዜ፣ ጣና በለስ ተከታተሉ፤ ግልገል ጊቤ ሦስት ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቤት እንግባ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ኤሌክትሪክ የነበረው ቤተሰብ 26 በመቶ ነበር፤ በከተማ 93፣ በገጠር 8 በመቶ። በዚያው ጥናት ከ10 ቤተሰቦች ከ9 በላይ የሚሆኑት የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው ነው። ከዚያ ወዲህ መስመሩ ብዙ ቦታ ደርሷል፤ በፀሐይ ኃይል የሚበሩ መንደሮችም ተጨምረዋል። ሆኖም ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ተመልከቷቸው። በከተማ መብራት የሌለው ቤት እምብዛም አልነበረም፤ ያም ሆኖ ብዙው ቤት ከሰልና እንጨት ይገዛ ነበር። መብራት መግባት አንድ ነገር ነው፤ በመብራት ማብሰል ሌላ ነገር ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለአምፖል፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን የሚያስፈልገው ኃይል ጥቂት ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ገደማ ይጠይቃል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል 350 ያህል በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ማለት ነው። በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ ሲጥድ የሰፈሩ ትራንስፎርመር አይችልም። መብራት ይሄዳል፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቃል፣ እንግዳ ደግሞ ነገ ይመጣል። ይህን የቀመሰች እናት ኤሌክትሪክ ምጣድ ቢኖራትም የከሰል ጆንያዋን አትጥልም። ትልቁ ግድብ ያመነጨው ኃይል በሰፈር ትራንስፎርመር፣ በአሮጌ ሽቦና በጋራ ቆጣሪ ያልፋል፤ ማድቤት ሲደርስ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ከአምፖል አያልፍም።

ጭሱ የሚመርጠው ሰው

ጭስ ቤቱ ውስጥ ላለው ሁሉ እኩል አይደርስም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት ጋር በተያያዘ ሞተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። በዚህ ዕድሜ ሳንባ ምችንና መሰል የሳንባ ሕመሞችን ተከትሎ ከሚደርሰው ሞት ወደ ግማሽ የሚጠጋው በቤት ውስጥ ከሚተነፈስ ጭስ ጋር የተያያዘ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመተንፈሻ ቧንቧችን ውስጥ አቧራና ጀርምን እየጠረጉ ወደ ውጭ የሚገፉ ከፀጉር የቀጠኑ መጥረጊያዎች አሉ። ጭስ እነዚህን ያደክማል። መጥረጊያው ሲደክም ጀርሙ ወደ ታች ወርዶ ሳንባ ላይ ይቀመጣል። የሕፃን ቧንቧ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ትንፋሹም ከአዋቂ ይፈጥናል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነው እንኳ ሕፃኑ ለክብደቱ ከእናቱ የበለጠ ጭስ ይስባል።

በአንድ የክረምት ወቅት የስምንት ወር ልጇን ለሦስተኛ ጊዜ በሳንባ ምች ያመጣች እናት ነበረች። መድኃኒቱን በትክክል ሰጥታዋለች፤ ክትባቱም አልተጓደለም።

«ስታበስዪ ልጁ የት ነው?» አልኳት።

«ጀርባዬ ላይ ነዋ ሲስተር፤ የት ላድርገው?»

አብራት የመጣችው አማቷ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ «እኔ አለሁ አይደል እንዴ፤ እሳት ስትለኩስ ለእኔ ስጪኝ» አለች። ከዚያ በኋላ አያትየዋ ልጁን ደጅ ይዛው መቀመጥ ጀመረች። ልጁ ለክትባትና ለክብደት መጣ እንጂ በዚያ ክረምት ተመልሶ በሳንባ ምች አልመጣም። በአንድ ልጅ ታሪክ ሳይንስ አይጻፍም፤ ዳሩ ግን የአያት ጭን ከጭስ ውጭ ሲሆን ምንም ወጪ የሌለው መከላከያ እንደሆነ ለብዙ እናቶች ስናገር ኖሬያለሁ።

ሴቶቹ ላይ የሚደርሰው ቶሎ አይታይም። ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ፣ ዕድሜዋ 50 ያልሞላ እናት ዓመት ከዓመት ሳል አይለቃትም። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ አክታዋ ይመረመራል፤ የለም ይባላል። ዳገት መውጣት ያቅታታል። በሥልጡን አገር የአጫሾች በሽታ የሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ መታፈን እኛ ዘንድ የምጣድ በሽታ ነው። ዓይን ይቆጠቁጣል፣ በዕድሜም ለሞራ ይጋለጣል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ጽንሱ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ወጣት ሴቶች ክፍት እሳት ላይ ወድቀው መጥተውብናል፤ ያንን ቁስል ያጠበ ነርስ አይረሳውም።

ልጅ ሳል ኖሮት አተነፋፈሱ ከተለወጠ ጸጥ ባለበት ሰዓት ደረቱን ገልጣችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ 5 ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ሲተነፍስ የጎድኑ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ መጥባትም ሆነ መጠጣት ካቃተው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው መሄድ።

«ከሰል ጭስ የለውም»

ይህን አባባል ስሰማ እፈራለሁ። ከሰል የሚታይ ጭስ የለውም፤ የማይታይ ግን አለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ጥንካሬ ይይዘዋል። ሰውየው ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ግን ወደ አንጎሉና ወደ ልቡ አይደርስም። ከሰሉ ፍም ሆኖ መቅላቱና አመድ መልበሱ «አልፎለታል» ለማለት አያበቃም፤ እስኪጠፋ ድረስ ጋዙን ያወጣል።

እዚህ ላይ ዕድገቱ ራሱ ያመጣውን አንድ ነገር ልብ በሉ። የድሮው ጭቃ ቤት በጣሪያውና በግድግዳው ስንጥቅ አየር ያስገባ ነበር። የዛሬው ቤት በብሎኬት ተገንብቶ፣ ተለስኖ፣ በአልሙኒየምና በመስታወት ተዘግቷል፤ ብርድ አያስገባም፣ አየርም አያስገባም። ምድጃው ግን ያው የከሰል ምድጃ ነው። አዲሱን ቤትና አሮጌውን እሳት ስናጋባ አደጋው ከሣር ክዳኑ ዘመን ይብሳል።

በአንድ የነሐሴ ማለዳ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር በሰው ድጋፍ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ ተወሰደች። ሦስቱም ያስመልሳቸዋል፣ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ጎረቤቱ «እራት ነው የመረዛቸው» ይላል። ባልየው የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ በማለዳ ሲገባ ነው ያገኛቸው። እሱም ያንኑ እራት በልቶ ነበር ወደ ሥራ የሄደው፤ ምንም አልሆነም። «ቤት ውስጥ እሳት ነበር ወይ?» ስንለው «ብርድ ስለሆነ ከቡና የተረፈ ፍም ነበር» አለ። ኦክስጅን ተደረገላቸው፣ ወደ ሆስፒታል ተላኩ፣ ዳኑ። ያልዳኑ ቤተሰቦችም አሉ።

ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው፣ ካቅለሸለሻቸው፣ ደጅ ሲወጡም ቀለል ካላቸው ከምግቡ በፊት ከሰሉን ጠርጥሩ። በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሰዎቹን ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም። ራሱን የሳተ ሰው ላይ ወተትም ውኃም አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

በተለይ ሦስት ቦታዎችን አደራ እላለሁ። አንደኛው የአራስ ክፍል ነው። አራስ ብርድ እንዳይነካት ተብሎ በሩ ይዘጋል፣ ከሰል ይገባል፣ ዕጣን ይጨሳል፤ ሰባት ቀን ያልሞላው ሕፃን መሐል ተኝቷል። ሙቀት የሚያስፈልገው እውነት ነው፤ ሙቀቱ ግን ከእናቱ ገላና ከብርድ ልብስ ይምጣ። ሁለተኛው የሠራተኛዋ መኝታ ነው። ብዙ ቤት የቤት ሠራተኛ የምትተኛው ማድቤት ውስጥ ወይም ከማድቤቱ ጥግ ነው። እሷም የሰው ልጅ ናት፤ እናቷ በሰላም እንድትመለስላት ትጠብቃለች። ሦስተኛው የቡናው ሥርዓት ነው። ቡናችንን ማንም አይንካብን፤ ከሰሉ ግን ደጅ ተያይዞ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ሦስተኛው እንደተጠጣ ወዲያው ይውጣ።

ከዛፉ እስከ ግድቡ

የአዲስ አበባ ታሪክ የማገዶ ታሪክም ነው። ከተማዋ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ከሸክማቸው በታች ጎብጠው የሚወርዱት እናቶች ለብዙ ዓመታት የከተማዋን እንጀራ ያስጋገሩ ናቸው። በማኅፀን መውጣትና በወገብ ሕመም ወደ እኛ የሚመጡ ሴቶችን ሥራቸውን ስንጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ሸክም ነበር።

ከሰል ደግሞ ከማገዶ የባሰ ዛፍ ይበላል። እንጨቱ ተከምሮ፣ አፈር ለብሶ በባህላዊው መንገድ ሲከስል ለ1 ኪሎ ከሰል ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ይጠፋል። ወደ ዝዋይና ላንጋኖ ስትወርዱ በመንገድ ዳር የሚደረደረውን ጆንያ አስቡት። ያ ጆንያ የስምጥ ሸለቆ ግራር ነው። ከተማ ሲያድግና ኑሮ ሲሻሻል ሰው ከእንጨት ወደ ከሰል ይሸጋገራል፤ ለቤቱ ንጹሕ ይመስለዋል፤ ዛፉ ግን ሩቅ አገር በእጥፍ ይቆረጣል።

ዛፍ ሲያልቅ ገበሬው ኩበት ያነድዳል። ኩበት ማሳ ላይ ቢወድቅ ማዳበሪያ ነበር። ምድጃ ውስጥ ሲገባ መሬቱ ይራቆታል፤ ለዚያ ምትክ የሚሆነው ማዳበሪያ ከውጭ በዶላር ይገዛል። እርቃኑን የቀረው ተዳፋት ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩን ወደ ወንዝ ይለቃል። አፈሩ የት ይሄዳል? በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቆቃን ጠይቁት። የአዋሽ ደለል የሐይቁን ሆድ እየሞላ ውኃ የሚይዝበትን ቦታ ሲወስድበት ኖሯል። ግድብ ውኃ ካልያዘ ተርባይን አያዞርም፤ ተርባይን ካልዞረ መብራት የለም፤ መብራት ከሌለ እናት ከሰል ትገዛለች፤ ከሰል ሲገዛ ዛፍ ይቆረጣል። ክቡ እንዲህ ገጠመ።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ችግኝ ስንተክል የልጅ ልጆቻችንን ይዘን እንወጣለን። መልካም ነው። አንድ ቤተሰብ ከሰል ሲቀንስ የሚተርፈው ግን ያደገ፣ ሥር የሰደደ፣ አፈር የያዘ ዛፍ ነው። የተረፈ ዛፍም ከተተከለ ችግኝ እኩል ይቆጠር እላለሁ።

ወጪው የማን ነው?

በሥራ ዘመኔ ለቤት ለቤት ጉብኝት ስንሄድ አንድ ነገር እመለከት ነበር። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን፣ ዲሽ፣ ጥሩ ሶፋ አለ። ጓሮ ስንሄድ ሦስት ጉልቻና ጥላሸት የጠጣ ግድግዳ ነው። ቤተሰቡ ድሃ ስለሆነ አልነበረም። የምታበስለው ሰውና ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው የተለያዩ ስለሆኑ ነው። ጭሱን የማይተነፍስ ሰው ምድጃውን በመጨረሻ ይገዛል። ውጭ አገር ያሉ ልጆች «እማዬ ምን ልላክልሽ?» ሲሉም እናት ለራሷ ምድጃ ልትጠይቅ ይከብዳታል።

በእርግጥ ወጪው ቀላል አይደለም። ምጣዱ ሲገዛ አንድ ጊዜ ብዙ ብር ይጠይቃል፤ ከሰል ግን በቁና፣ በፌስታል ይገዛል። ድሃ በጥቂት በጥቂቱ እየገዛ በዓመቱ ከሀብታሙ በላይ ይከፍላል። የኤሌክትሪክ ታሪፉም ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያለ ማቋረጥ ቢሠራ 5.25 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከጋገራችሁ በወር 42 ገደማ ይሆናል። ታሪፉ ደግሞ በእርከን የተከፈለ ነው፤ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በአነስተኛ ዋጋ ይሰላል፣ ከዚያ ወዲያ ዋጋው ይወጣል። ለብቻው ቆጣሪ ያለው ቤተሰብ እየቆጠበ ሊጋግር ይችላል። አምስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ግን ፍጆታቸው ተደምሮ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል፤ ጥቂት የሚጠቀሙት ተከራዮች በባለጸጋ ዋጋ ይከፍላሉ። ብዙ አከራይም «ምጣድ መጣድ ክልክል ነው» ይላል። እንግዲህ ከግድቡ በጣም የሚርቀው ሰው ገጠር ያለው ብቻ አይደለም፤ መሐል ከተማ በአንድ ክፍል የሚኖረውም ነው። ለተከራይ የተለየ ቆጣሪ፣ ለሰፈር በቂ ትራንስፎርመር፣ ለምጣድና ለስቶቭ በብድር መግዣ ማመቻቸት የሚመለከታቸው ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባ የጤና ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

አገርም ታተርፋለች። ነዳጅና የማብሰያ ጋዝ ከውጭ በዶላር ይገባሉ፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ የተከለከለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የውኃና የነፋስ ኃይል ግን የራሳችን ነው። ለመኪናው ያሰብነውን ለእንጀራውም እናስብ።

ከቤታችን እንጀምር

ሁሉም ሰው ዛሬውኑ ወደ ኤሌክትሪክ ይዙር አልልም። እንደ አቅማችን አንድ ደረጃ እንውጣ።

1. አቅሙና መስመሩ ካለ መጀመሪያ የሚቀየረው በየቀኑ የሚነድደው ነው። ወጥና ሻይ የሚሠራበት ትንሽ ኤሌክትሪክ ስቶቭ ከምጣድ ያነሰ ኃይል ይወስዳል፤ የዕለቱን ከሰል ያስቀራል።

2. እንጀራ ሲጋገር በአንድ ጊዜ በርከት አድርጎ መጋገር ይሻላል። ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ የሚበላው ኃይል ለእንጀራው ነው፤ በየቀኑ እንደገና ማጋል ግን ብክነት ነው። የበዓል እንጀራ ከዋዜማው አንድ ቀን ቢቀድም መብራትም አይሄድባችሁም።

3. ምጣዱን የሚጋግር ሰው ጫማ ያድርግ፣ እጁ እርጥብ አይሁን። ሽቦው የቀለጠ፣ ሶኬቱ የጠቆረ ምጣድ በባለሙያ ሳይታይ አይሰካ።

4. እንጨት ግድ ከሆነ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምጣድ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለከሰል ደግሞ ላቀች ምድጃ ከተራው ቆርቆሮ ምድጃ ይሻላል። ገጠር ከብት ያላቸው ዘመዶቻችሁ ስለ ባዮጋዝ ይጠይቁ፤ እበቱ ጋዝ ሰጥቶ ዝቃጩ ለማሳ ይተርፋል።

5. ማድቤት ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ክፍተቶች ይኑሩት፤ አንዱ ከጣሪያው ሥር ይሁን። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ጭስ እንጂ ሙቀት የለውም። አተርና ባቄላ አድሮ ሲዘፈዘፍ ቶሎ ይበስላል።

6. ላምባ የምትጠቀሙ ከሆነ በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣል። ከጠጣ አታስመልሱት፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባል። ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

7. ልጅ ከተቃጠለ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ አፍስሱበት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ ቡና ቁስሉ ላይ አይደረግም። ንጹሕ ጨርቅ አልብሳችሁ ወደ ሕክምና።

8. አያቶች ሆይ፣ የእናንተን ድርሻ ደግሜ እላለሁ። እሳት ሲለኮስ ሕፃኑን ተቀበሉ። በቤቱም ቃላችሁ ይሰማል፤ «የዘንድሮው የበዓል ስጦታዬ ለምራቴ ምድጃ ይሁንልኝ» ብትሉ የሚከለክላችሁ የለም።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ተረት ለወጡ ልክ ነው። ለወጥ ሠሪዋ ግን ጉልቻው ሲለወጥ ሳሉ ይቀንሳል፣ ዓይኗ ያርፋል፣ ልጇ በክረምት ያድጋል፤ ያልተቆረጠው ዛፍ አፈሩን፣ አፈሩ ወንዙን፣ ወንዙ ግድቡን ይጠብቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አገር ዕድገት ስንሰማ ስንት ሜጋ ዋት ተመነጨ ከሚለው አጠገብ ስንት ማድቤት ከጭስ ወጣ የሚለውም ቢቆጠር ደስ ይለኛል። ከእነዚያ ማድቤቶች አንዱ የእናንተ ይሁን።